የቆቃዋ ሙሽራ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ሥዕል የት ተማርሽ ብትሉኝ የትም፤ ነገሩ ውስጥ የገባሁት ማንበብ ስለምወድ ብቻ ነው። ሞጆ አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ከቆየ ልብ ወለድ የተሳለች ሙሽራ አየሁ። በመጽሐፉ በበቅሎ ወንዝ ትሻገራለች። በሥዕሉ ግን ከበቅሎዋ ወርዳ ቆቃ ሐይቅ ዳር ቆማለች፤ እጇም ታስሯል። ለምን? በስልኬ ፎቶ አነሳኋትና ቆቃ ወርጄ ዓሣ አጥማጆቹን እያሳየሁ ሠዓሊውን አገኘኋቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ የታመሙ ሽማግሌ ናቸው።

«የመጽሐፉን ወንዝ አላየሁትም ልጄ፤ የማውቀውን ውሃ ሳልኩ» አሉኝ። ስለ እጇ ስጠይቃቸው ግን ብሩሻቸውን ማጠብ ያዙ።

በማግስቱ አዳማ ላይ ፖሊሶች ያዙኝ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ የታሰረች ሴት ሥዕል እያሳየች ትዞራለች ብሎ አንድ ሰው ጠቁሞብኛል።

ክፍሉ ሽንት ሽንት ይላል፤ ሲሚንቶው ላይ መቀመጫ የለም። በልጃቸው ምክንያት የታሰሩ አንዲት እናት «ኮቱ፣ ነይ ተጠጊ» ብለው እግራቸውን ሰበሰቡልኝ። አዲስ ገቢ በምን እንደመጣች መናገር የክፍሉ ልማድ ነው።

«በሙሽራ» አልኩ።

«ሚዜ ነበርሽ?» አለች አንዷ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ በድካም።

ለምርመራ ስጠራ መርማሪው ሥዕሏን ስልኬ ላይ ከፍቶ ዘረጋልኝ።

«ይቺ የታሰረችው ማናት? የማን ድርጅት ናት?»

«የልብ ወለድ ሙሽራ ናት።»

«የሳላትን ሰው ቤት አሳዪን፤ ዛሬውኑ ትወጫለሽ።»

ደክሞኝ ነበር። ቤታቸው አፌ ላይ ደርሷል። ግን ሽማግሌው ያን ሲሚንቶ አንድ ሌሊት እንኳ አይችሉትም።

«እኔ ነኝ የሳልኳት» አልኩ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። «በይ እንግዲህ፣ በቅሎዋን ሳዪልኝ።»

ሳልኩ። አገላብጦ አየው።

«ይሄ ፍየል ነው።»

«በቅሎ ነው።»

«ቀንድ አለው!»

«ጆሮው ነው፣ ጌታዬ።»

ሊስቅ ሲል ከንፈሩን ነከሰ። ወረቀቱን ጨምድዶ «መልሷት» አለ።

እኚያ እናት የሆነውን ሲሰሙ «አዬ ልጄ፣ ውሸቱንስ ዋሸሽ፤ ምነው ፍየል ባትስዪበት!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየሁ። የሽማግሌውን ስም ግን ከእኔ አልሰሙም።

ዛሬም በር ሲንኳኳ ቶሎ አልነሳም። 

ታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ልብ ወለድ የሥራ ፈት ነገር ነው ባይ። በተፈታሁ ሳምንት ሁሉን ስነግረው «የሽማግሌው ቤት የት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ቆቃ ሄዶ ሽማግሌውን ከነቀለማቸው ጋቢና አስቀምጦ ቤታችን አመጣቸው። የራሱን አልጋ ለቀቀላቸው፤ እሱ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኛ።