የአባቴ የጣሳ ባቡር

ትናንት ደብረ ማርቆስ ስልኬን ላሠራ ቆሜ፣ የሚቀልጥ የብየዳ እርሳስ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ደሜ ፈላ።

አባቴ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ የፊዚክስ መምህር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳርዲን ጣሳ እየቆራረጠና እየበየደ ባቡር ይሠራል። ሐዲዱን ከሽቦ ሠርቶ ምግብ በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ አዙሮ ዘርግቶታል። ባቡሩ በባትሪ ድንጋይ እየሠራ ሲዞር፣ እኔና እሱ አገጫችንን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈን እናየዋለን። አባቴን ያን ያህል ደስ ብሎት የማየው ያኔ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የእናቴ ታላቅ ወንድም ከአማኑኤል ከተማ መጣ። ሰላም እንኳ ሳይል በሩ ላይ ቆሞ አፈጠጠ።

«ሰው ቦታ ገዝቶ ቤት ይሠራል፤ አንተ በጣሳ ትጫወታለህ?»

«ይቀመጡ ጋሼ፣ ሲዞር ይዩት» አለ አባቴ።

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«የትም። እኔ ደርሻለሁ።»

ከወንበሩ ሳይነሳ የት እንደደረሰ አልገባኝም። አጎቴ ግን ስድብ መሰለውና በዱላው ባቡሩን ጨፈለቀው። እኔ ጮህኩ። እናቴ ፊቷን አዙራ ጓዳ ገባች። አባቴ ጣሳውን ከወለሉ ለቃቅሞ፣ አጎቴ እዚያው ቆሞ እየተሳደበ፣ በፒንሳ ያቃናው ጀመር። ፊቱ ላይ ቂም ፈልጌ አጣሁ። ያን ቀን እሱንም ጠላሁት።

ዛሬ አባቴ የለም፤ አጎቴ አለ። በዓል በመጣ ቁጥር እናቴ «አባትሽ ያኔውኑ ይቅር ብሎታል፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ትለኛለች።

«ባቡሩ የእኔም ነበር» እላታለሁ።