ባቡር ይመጣል፣ ባቡር ይሄዳል፣ ተኛ

ጅቡቲ ካርቲየ 6 የሚባል ሰፈር ያለው ፊልም ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን እትዬ አልማዝ ፍላሽ ሰጡኝና «ሰካው» አሉኝ። ሰካሁት፤ አልገባም። ገልብጬ ሞከርኩ፤ አልገባም። እንደገና ስገለብጠው ገባ። «ከድሬዳዋ ድረስ የመጣኸው ይህን ለመማር ነው» አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ቅጥር የሚባለው ይኸው ነበር።

እትዬ አልማዝ የሱቁ ባለቤት ናቸው። አያታቸው በባቡሩ ዘመን ጅቡቲ ገብተው ቀሩ፣ እሳቸው እዚሁ ተወለዱ። በአማርኛ ይቆጣሉ፣ በፈረንሳይኛ ይቆጥራሉ፣ ክርክር ሲመጣ ሶማልኛ ያወጣሉ። ሥራችን ፊልም አውርዶ ደንበኛ ባመጣው ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ገበያውን የያዙት የሕንድ ፊልምና የቱርክ ድራማ ነበሩ። በኋላ አኒሜ የሚሉት የጃፓን ካርቱን መጣና ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደው። ጢሙ የሸበተ የወደብ ጫኝ ሳይቀር «የዚህ ሳምንት ክፍል ወጣ?» እያለ ይመጣል።

አኒሜ እንደ እርሻ ወቅት አለው። በዓመት አራት ጊዜ፣ በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት፣ አዳዲሱ ይመጣል። ኢንተርኔታችን ደካማ ስለሆነ ሁሉን ማውረድ አንችልም። ስለዚህ ወቅቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚመጡትን ነጭ ሰሌዳ ላይ እዘረዝራለሁ፣ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር ትንበያ እጨምራለሁ። ደንበኛ የሚፈልገው ሥር ይፈርማል። አምስት ፊርማ ያገኘ ይወርዳል።

ፈራሚው ራሱ መምጣት አለበት። አንዱ ጉደኛ የሞቱ አክስቱን ጨምሮ ለዘመዶቹ ሁሉ ከፈረመ ወዲህ ነው ይህ ደንብ የወጣው። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ደግሞ ወቅቱ እስኪያልቅ አይጠፋም። እትዬ አልማዝ «ዛሬ ያልከውን ነገ ከሰረዝክ ማን ያምንሃል?» ይላሉ።

የእኔ ዘዴ ቀላል ነው። የፊልሙን ማስታወቂያ ድምፁን አጥፍቼ አያለሁ። ሙዚቃ አታላይ ነው፤ ከበሮ ሲመታ ቅራሪውም ጠጅ ይመስላል። ሰይፍ ካለበት «ይታያል» እላለሁ፣ ተማሪዎች በፍቅር የሚነፋረቁበት ከሆነ «ሦስት ክፍል አይተህ ተወው»። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካልኝ ነበር፤ ስለተሳካልኝም ጠገብኩ።

አንድ ሐምሌ ከሚመጡት መካከል ገጠር ውስጥ ባቡር ስለምትነዳ ሴት የሚያወራ ፊልም ሁለተኛ ምዕራፍ ነበር። የመጀመሪያውን ለደንበኛ ገልብጫለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም። ማስታወቂያውን እንደ ልማዴ ያለ ድምፅ አየሁ፤ የሩዝ ማሳ፣ ባቡር፣ ደግሞ የሩዝ ማሳ። ሥሩ «ባቡር ይመጣል፣ ባቡር ይሄዳል፣ ተኛ» ብዬ ጻፍኩ። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

አርብ ከሰዓት ጽጌ መጣች። ጽጌ ካርቲየ 3 አንድ የሶማሌ ቤተሰብ ቤት እየኖረች አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌ የምታስታምም ያገሬ ልጅ ናት፤ የምትወጣው አርብ ብቻ ነው። ሰሌዳውን አነበበች፣ ባቡሩ ሥር ፈረመች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ።»

«እጅህን ይስበረው! ሙሴ ሮብሌ ይህን እየጠበቁ እኮ ነው ያሉት!»

ሙሴ ሮብሌ ሽማግሌው ናቸው። ከጅቡቲ ድሬዳዋ ባቡር ሲነዱ የኖሩ፣ አሁን ዓይናቸው የጠፋ፣ ኩላሊታቸው የደከመ። ፊልሙን ያዳምጣሉ፣ ታሪኩን ጽጌ ትነግራቸዋለች።

«የግርጌው ጽሑፍ ፈረንሳይኛ ነው፤ ታነቢያለሽ እንዴ?» አልኳት።

«አላነብም። የሰዎቹን ፊት እያየሁ እነግራቸዋለሁ። ያልገባኝን ከራሴ እጨምራለሁ።»

«ታዲያ አሁን ካልሆነ በጥቅምት እናወርደዋለን፤ ምን ያስቸኩላል?»

«ሐኪሙ ለጥቅምት ቀጠሮ አልሰጣቸውም» አለች።

ሱቅ የገባውን ሁሉ እንዲፈርም ለመነች። ሁሉም ሰሌዳውን እያሳየ «ኧረ ተይኝ፣ እንቅልፍማ ቤቴም አለ» ይላታል። ስድቤን ልሰርዝ ጨርቅ ሳነሳ እትዬ አልማዝ ጮኹብኝ። «አስቀምጥ! ከጸጸተህ ራስህ አትፈርምም?» ከገዛ ስድቤ ሥር ልፈርም? አፈርኩና ተውኩት። ጽጌ እያየችኝ ነው የተውኩት።

ቀጣዩ አርብ ሰሌዳው የሚዘጋበት ቀን ነበር። ፀሐዩ አስፋልት ያቀልጣል። ጽጌ በታክሲ መጣች፤ ከሾፌሩ ጋር ደግፈው ሙሴ ሮብሌን አወረዷቸውና ወንበሬ ላይ አስቀመጧቸው። ድሬዳዋ ብዙ ስለከረሙ አማርኛቸው የእኔን ያስንቃል።

«ስለ ባቡሩ የጻፍከውን አንብብልኝ» አሉኝ።

ሱቁ ሙሉ ነው። አጉረመረምኩ። «ጮክ በል» አሉ። ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ይመጣል፣ ይሄዳል» አሉ። «ልክ ነህ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ይህንኑ ነው። እስቲ አሰማኝ።»

ማስታወቂያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍቼ አጫወትኩ። ለካ ሙዚቃ የለውም። ሞተር ብቻ፣ የሐዲድ ቀጭ ቀጭ ብቻ። ሙሴ ሮብሌ ጣታቸውን አነሱ። «ናፍጣ ነው። ዳገት ያዘች... አሁን ፍሬን ነካች። ቀስ፣ ቀስ። ጎበዝ ልጅ!» እኛ ዓይን ያለን ሰዎች ባቡሩ ኩርባ ላይ መድረሱን ያየነው እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ነው። ማንም አልሳቀም።

ጽጌ እጃቸውን ይዛ አስፈረመቻቸው። ሁለት የወደብ ጫኞች ተነስተው ፈረሙ። አራት ሆነ። እትዬ አልማዝ እስክሪብቶውን ወደ እኔ አንከባለሉት። ከስድቤ ሥር ስሜን ጻፍኩ። ወቅቱን ሙሉ የገባ የወጣው ሲስቅብኝ ከረመ፤ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ፊልሙ አሥራ ሁለት ክፍል ነበረው። በየሳምንቱ ፍላሹን እኔው ራሴ ካርቲየ 3 አደርስ ነበር። ሙሴ ሮብሌ ዘጠኙን ሰሙ። አሥረኛውን ይዤ ስሄድ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። ፍላሹን ኪሴ ከተትኩና ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥኩ። እኔም አለቀስኩ።

የመጪው ወቅት ዝርዝር ትናንት ደርሶኝ እየጻፍኩ ነው። ስድብ አልተውኩም፤ ስድብ የሚገባው ፊልም ሞልቷል። ያላየሁት ሥር ግን «አላየሁትም» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ቃል ናት፣ ብዙ ቦታ አትይዝም።