ፈተናውን ይዘን ወደ ወንዙ ራስ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ሰኔ እንደገባ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ከነቀምቴ ወዲያ በምትገኝ ትንሽ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ማስፈተን። የታሸገውን ወረቀት በቆዳ ቦርሳ ከትቼ አውቶቡሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። አጠገቤ የተቀመጡ ነጋዴ፣ «እመቤት፣ ወርቅ ነው እንዴ?» ብለው አሾፉብኝ። «ከወርቅም ይብሳል። ወርቅ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል» አልኳቸው። እኔ በቀልድ የምሸነፍ ሰው አይደለሁም።

እስከ አምቦ መንገዱ ደግ ነው። ጌዶን ካለፍን በኋላ ግን ጭቃ ያዘንና ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ባኮ ላይ የስሙኒ ሙዝ ገዝቼ ከነጋዴው ጋር ተካፈልነው። ከሲሬ ወዲያ ያለውን አገር ግን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ያሳደገኝ ብርድና ድንጋይ ነው። ጉሙ ከሸለቆው እየተነሳ ዋንዛውንና በቆሎውን ሲሸፍን ሲገልጥ ሳይ፣ ፈጣሪ እዚህ አገር ሲደርስ እጁ ተፈቷል አልኩ። ነጋዴው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ።

ነቀምቴ

ከተማዋ የገባሁት አመሻሽ ላይ በዝናብ ነው። ያሳደሩኝ አዴ ወርቄ የሚባሉ ባልቴት አንጮቴ በቅቤ አቀረቡልኝ፤ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ሥር ነው፣ ሲቀቀል ይጣፍጣል።

«ብዪ፣ ብዪ፤ አንጮቴ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል» አሉኝ።

«እንግዲያማ ይጨመርልኝ፤ አውቶቡሱ ያልሰበረልኝ አጥንት የለም» ብላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

በማግስቱ በበቅሎ ተጉዤ ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። የተቀበሉኝ መምህር ዲንሳ ናቸው፤ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ከተፈታኞቹ ግማሾቹ የሚመጡት ከወንዝ ማዶ፣ በግንድ ድልድይ ተሻግረው እንደሆነ ነገሩኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ነገሩ ከወዲሁ አላማረኝም።

የፈተናው ጠዋት

የፈራሁት ደረሰ። ማለዳ ወጥተን ስናይ ጎርፉ ግንዱን ይዞት ሄዷል። ቀዩ ውሃ ጆሮ ያደነቁራል። ማዶ ያሉት ልጆች ቆመው ወደ እኛ ያያሉ፣ የእኛዎቹም ወደ እነሱ ያያሉ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ፣ ታናናሾቹም ጭምር፣ ወንዙ ዳር ተሰብስበዋል። ፈተናው በመላ አገሪቱ ረፋዱ ላይ እኩል ይከፈታል፤ ያልተገኘ ልጅ ዓመቱን ይደግማል።

«እዚህ አገር የደገመ ልጅ ተመልሶ አይመጣም። አባቱ ሞፈር ያስይዘዋል» አሉኝ መምህር ዲንሳ።

ግን ምን ላድርግ? ላሉት ልፈትን ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«እባክዎ ጥቂት ይታገሱን» አሉኝ። ከዚያ ልጆቹን ኦዳ ከሚሉት ትልቅ ዛፍ ሥር እንደ አገር ሽማግሌ ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አደረጉ።

የዚያ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ ሰዉ በአንድ ድምፅ «ሃ ታኡ» ይላል፤ ይሁን እንደማለት ነው። መምህር ዲንሳ ይህን ወግ ለችግር መፍቻ አውለውታል። ልጅ መላ ሲያቀርብ የሚስቅበትም ሆነ አይሆንም የሚለው የለም። ሁሉም «ሃ ታኡ! ኤርጋሲ?» ይላሉ፤ ይሁን! ከዚያስ? የሚጀምረውም ታናሹ ነው። ልጆቹ በኦሮምኛ ሲናገሩ መምህሩ ቀስ ብለው ይተረጉሙልኝ ነበር።

ሌንሴ የምትባል የሁለተኛ ክፍል ልጅ ተነሳችና፣ «ወንዙን እንጠጣው» አለች።

እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሌላ የሳቀ አልነበረም፤ አፈርኩ።

«ሃ ታኡ! ኤርጋሲ?» አሉ ሁሉም።

«ሆዳችን ይሞላል።»

«ኤርጋሲ?»

አሰበች። «እዚህ ጋ ብዙ ነው፣ አንችለውም። ትንሽ በሆነበት እንጠጣው። ከላይ ምንጩ ጋ ትንሽ ነው። እኔ እንኳ እዘለዋለሁ።»

ቀጥሎ አንድ ልጅ፣ «ማዶዎቹ እዚያ ወጥተው ይዝለሉትና ወደዚህ ይምጡ» አለ። ከዚያስ ሲሉት ራሱ መለሰው፤ ወጥተው እስኪወርዱ ሰዓቱ ያልፋል። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ «እንግዲያው ፈተናው ራሱ ወደ ምንጩ ይውጣ» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ደንቡን በልቤ አሰላሰልኩት። ማኅተሙ እንዳይነካ ይላል፣ ሰዓቱ እንዳያልፍ ይላል፣ ፈታኝ ይኑር ይላል። ጣሪያ ይኑር የሚል ግን አንድም ቦታ የለም!

«ሃ ታኡ» አልኩ።

ልጆቹ የክፍሉን አግዳሚ ወንበር በጭንቅላታቸው ተሸክመው በጭቃው ሽቅብ ሲተሙ፣ እንባዬ መጣ። ማዶዎቹን በእጃችን ልንጠራቸው ዞር ስንል ግን ዳርቻው ባዶ ነው። አንድም ልጅ የለም።

«ተስፋ ቆርጠው ቤታቸው ገብተዋል!» ብዬ ጮህኩ። መምህር ዲንሳ ፊታቸው ዳምኖ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

የወንዙ ራስ

ላባችን ጠብ እያለ ምንጩ ጋ ደረስን። ወይ ጉድ! ማዶዎቹ ተሻግረው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ እርሳሳቸውን ይዘው በክብ ተቀምጠው ይጠብቁናል። በዚያ የወንዝ ጩኸት ከእኛ አንዲት ቃል አልሰሙም፤ እኛም ከእነሱ አልሰማንም። አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ማን ነገራችሁ?» አሉ መምህሩ።

ጫልቱ የምትባለው ተፈታኝ ተነስታ፣ «ማዶም ኦዳ አለ፣ ጋሼ» አለች።

ማኅተሙን በሰዓቱ ቀደድኩ። ዝናቡም ደግ ሆኖ፣ የመጨረሻው ልጅ እስኪጨርስ ጠበቀን።

መመለሻ

አዲስ አበባ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ለአለቃዬ ተናገርኩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሜዳ ላይ? ይህማ ፈተና አይባልም፤ ይሰረዛል!»

ዱሮ ቢሆን እሳት ጎርሼ እሟገታቸው ነበር። አሁን ግን፣ «ይሁን፣ ጌታዬ። ከዚያስ?» አልኳቸው በቀስታ።

«ከዚያማ ይደግማሉ።»

«ይሁን። ከዚያስ?»

«የገበሬ ልጆች ናቸው… ብዙዎቹ ይቀራሉ።»

«ይሁን። ከዚያስ?»

አለቃዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ የልጆቹን ወረቀት ከፊቴ አነሱና ለእርማት ከተዘጋጀው የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ወረቀት ጋር ደረደሩት።