ከቡሌ የወረደው ሞተር

ሞተሩ አንድ ብቻ ነበር። ከተበላሸ ዲላ ውስጥ ፒስተን አይገኝለትም። ቅዳሜ ደግሞ የሠራናት ትንሽ የውድድር መኪና በእንግዶች ፊት በኳስ ሜዳው ዙሪያ መሮጥ አለባት። ወርክሾፑ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ መምህራችን፣ ከዲላ በላይ ካለችው ደጋ ከቡሌ የመጣው የክፍል ጓደኛዬ እና እኔ።

የሞተሩን ጉልበት የምንለካበትን ማሽን የሠራነው ራሳችን ነን። ሞተሩ የብረት ከበሮ ያሽከረክራል፤ ከበሮውን ከአሮጌ መኪና የወጣ ፍሬን ያንቀዋል፤ የፍሬኑ ክንድ ደግሞ ጪጩ ገበያ ቡና የሚመዘንበትን ዓይነት ተንጠልጣይ ሚዛን ወደ ታች ይጎትታል። ሞተሩ በበረታ ቁጥር የሚዛኑ መርፌ ይወጣል። የእኔ ሥራ ፍሬኑን በመዘውር እያጠበቅሁ መርፌውን ማንበብ ነበር። ማውራት ስለማይጠይቅ ወድጄው ነው የያዝኩት።

ጓደኛዬ ሞተሩን በዕረፍት ጊዜ ቡሌ ወስዶ በወንድሙ ጋራዥ አስተካክሎት መጥቷል።

"እዚያ ጭሷ ሰው ያፍን ነበር" አለ፣ የማስነሻውን ገመድ እየያዘ። "ጂግለሯን በጠባብ ቀየርኩላት። ቤንዚን በልክ ስትጠጣ ጨዋ ሆነች።" ጂግለር ካርቡራተር ውስጥ ያለች፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ናት።

"አንተን ቡሉኮ አልብሳ ያሳደገች ቡሌ ሞተራችንንም አሳደገችልን በለኛ" አለው መምህሩ። ሳቅን።

ገመዱን ሳበው፤ ሞተሩ ተነሳ። መምህሩ ዓይኑን የዙር መቁጠሪያው ላይ ተክሎ ነዳጅ ጨመረ። እኔ አጠበቅሁ። መርፌው ደርሶበት የማያውቀውን ቦታ አለፈ።

"ያዝ፣ አትልቀቅ" አለኝ ጓደኛዬ። ሲጣደፍ ሴት መሆኔን ይረሳል።

ያኔ ነው የጭስ ማውጫው፣ የማርሚታው፣ ጫፍ ላይ ምንም ጭስ እንደሌለ ያየሁት። የዚህ ሞተር ቤንዚን ከዘይት ጋር ስለሚደባለቅ ስስ ሰማያዊ ጭስ መታየት ነበረበት። ድምፁም ቀጥኖ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። መምህሩ ነዳጁን ቀነስ ሲያደርግ ዙሩ ወዲያው አልወረደም። ቡሌ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥራል፤ አየሩ ስስ ነው። ለዚያ አየር የተለካ ቤንዚን እዚህ ታች ጥቅጥቅ ላለው የዲላ አየር አይበቃም። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ለጥቂት ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያ ሙቀቱ ፒስተኑን ያቀልጠዋል። ደስ ብሎን የምናየው መርፌ ትኩሳቱን ነበር የሚያሳየን።

"ይጥፋ" አልኩ። በጩኸቱ መሃል የሰማኝ የለም። ማጥፊያው በመምህሩ በኩል ነው። መዘውሩን ብለቅ ሸክም የቀለለው ሞተር ከቁጥጥር ይወጣል። እጄ አጠገብ ያለውን የቤንዚን መክፈቻ ብዘጋ ጥማቱን ማባባስ ነው።

"መምህር፣ ይጥፋ።"

ቁጥሩን የነገርኩት መስሎት አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

በሞተሩ ላይ ተንጠራርቼ የካርቡራተሩን አየር መዝጊያ ሳብኩት። ሞተሩ ቤንዚን አነቀው፤ ጭስ ተፋ፤ ከበሮው እየዘገመ ቆመ።

"ማን ነካው?" አለ መምህሩ።

"እኔ። ካንዴላውን እንየው።"

"እህቴ፣ ቡሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ሠርታለች እኮ" አለኝ ጓደኛዬ።

"ቡሌ ላይ" አልኩት።

መምህሩ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ በጨርቅ ይዞ ፈታው። እንደ ጠመኔ ነጥቷል፤ ጫፉ ላይ ከስኳር ፍሬ ያነሱ የሚያብለጨልጩ ነጠብጣቦች ተጣብቀዋል። የፒስተኑ ብረት ነው። መምህሩ በጥፍሩ ፈቀፈቃቸው።

"የቡሌ ከፍታ ነው" አለ በመጨረሻ። "ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ እኮ።" ወደ እኔ ዞረ። "እስቲ አዙሪው።"

ከበሮውን በእጄ አዞርኩት። አንድ ቦታ ላይ ያዝ አደረገኝና አለፈ። ማርሚታውን ፈትተን ጭሱ በሚወጣበት ቀዳዳ በስልክ መብራት ወደ ውስጥ አየን። የፒስተኑ ጎን ላይ አንድ ቀጭን ጭረት አለ።

"ለቅዳሜ ያደርሳል?" አለ ጓደኛዬ።

መምህሩ እኔን አየ። "አንቺ ምን ትያለሽ?" አለኝ።

"ያንን የቅድሙን ቁጥር ካልጠየቅነው ያደርሳል።"

የድሮዋን ጂግለር መለስንለት። መዘውሩን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ማጥፊያው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ለምን ያለኝ የለም። ሞተሩ ሲነሳ ሰማያዊው ጭስ ወጣ። መርፌው ከቅድሙ በጣም ዝቅ ብሎ ቆመ።

"ትንሽ ይጨመርላት" አለ ጓደኛዬ ወደ መምህሩ እያየ።

"አይጨመርም" አልኩ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ሰሙኝ።