የካርቶኑ ዓሣ ነባሪ ቅርጫ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ባግሩት ለሚሉት የማትሪክ ፈተና፣ ለጂኦግራፊ የመጨረሻ ሥራ የደረሰችኝ ዓሣ ነባሪ በጦር እየወጉ የሚኖሩባት አንዲት የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት። ይህን ካላለፍኩ ባግሩት የለም፤ ዓመቱን ከምደግም ደግሞ ብሞት ይሻለኝ ነበር።

ከፍሪጅ ካርቶን ሦስት ሜትር ዓሣ ነባሪ ሠራሁ። ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር ያለው ሕንፃችን አሳንሰር ውስጥ አልገባ ስላለኝ መግቢያው ላይ አስቀመጥኩትና አባቴን "ጠብቅልኝ" ብዬ ሰማያዊ ቀለም ልገዛ መሀል ከተማ ሄድኩ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳጠና ለሱ ነበር የማወራው፦ እርሻ የላቸውም፤ አንድ ሲገደል ሥጋው ይደለደላል፤ ለወጊው፣ ጀልባውን ለሠራው፣ ለመበለቶች። የተረፈውን አድርቀው ተራራ ላይ ከሚያርሱት ጋር በበቆሎ ይለውጣሉ። አባቴ ጎንደር እያለ በሬ ሲታረድ አደላዳዩ እሱ ነበር። "አሃ፣ ቅርጫ ነው በይኛ!" አለ።

ስመለስ ዓሣ ነባሪው የለም። አባቴ ቢላዋውን እየጠረገ ነው።

"የታለ?"

"ተከፋፈለ። ዘጠኝ መደብ አድርገነው ከጎረቤቶች ጋር ዕጣ ጣልን። አንድም ሰው አላጉረመረመም።"

"አባባ፣ ካርቶን እኮ ነው!"

"ካርቶን ባይሆንማ ማን ይነካዋል፣ ቅርፊት የለው፣ በኦሪት እርም ነው! ደሞስ ሳይከፋፈል ምኑን ልታስረጂ ነበር?"

ፎቅ ለፎቅ እየሮጥኩ በር አንኳኳሁ። አንድ ሽማግሌ ጎድኑን በፌስታል ቋጥረው ፍሪጅ ውስጥ ከተውታል። ስምንቱን እየተነጫነጩም ቢሆን መለሱልኝ። ስድስተኛ ፎቅ ያሉት ባል የሞተባቸው እማማ ግን ጅራቱን ቴሌቪዥናቸው አጠገብ አቁመው አልሰጥም አሉ።

"እማማ፣ ነገ እመልስልዎታለሁ።"

"ዕጣ የወጣልኝ ሥጋ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ማን ቅርጫ አስገብቶኝ ያውቃል? ሂጂ ወዲያ!"

በማግስቱ በፕላስተር የተጣበቀ ጅራተ ቆራጣ ዓሣ ነባሪ ይዤ ፈታኟ ፊት ቆምኩ።

"ጅራቱስ?" አለች።

"ለመበለቷ ደረሰ።"

"ደሴቲቱ ላይ?"

"ስድስተኛ ፎቅ።"

ሁሉንም ነገርኳት፤ ቢላዋውንም፣ ፌስታሉንም። እስክጨርስ አንዴም ሰዓቷን አላየችም። ሰማንያ አምስት ሰጠችኝ፤ አሥራ አምስቱን የቆረጠችው ለጎደለው ጅራት ነው።

ማለፌን ረስቼ በንዴት ስድስተኛ ፎቅ ወጣሁ።

"በእርስዎ ጅራት አሥራ አምስት ነጥብ ተቀነሰብኝ!"

እማማ ዞር ብለው ጅራቱን አዩት።

"አሥራ አምስት?" አሉ ፊታቸው በርቶ። "እኔስ ደህና ብልት እንደደረሰኝ አውቄ ነበር።"