ከገና በፊት የተቆረሰው ኬክ

በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፣ የገና ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አማቴ ከደሴ ደወሉልኝ። «መጥተሽ ቤቴን አሳምሪልኝ፤ ልጄ ደክሟታል» አሉኝ። በጣም ደስ አለኝ። ያኔ ኮምቦልቻ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ባለቤቴ ፋብሪካ ይሠራል፣ እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። መጋረጃ መስፋት፣ ከወረቀት አበባ መሥራት፣ በብረት ድስት ኬክ መጋገር የምወደው ነገር ነው። ይህን አውቀው የጠሩኝ መሰለኝና ነጭ መጋረጃ ሰፍቼ ዳር ዳሩን በቀይ ክር ጠለፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣን። ኮምቦልቻ ላይ ያወለቅነውን ሹራብ ደሴ ስንደርስ መልሰን ለበስን። ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ገብተን የጥድ ቅርንጫፍ፣ ፊኛና ባለቀለም ወረቀት ገዛንና በባጃጅ ከፒያሳ በላይ ወዳለው ወደ አማቴ ቤት ሄድን።

በሩን የከፈተችልን የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። አላገባችም። አማቴ ስኳር ስላለባቸው፣ እግራቸውም ስለሚያማቸው፣ እሷ ናት የምታስታምማቸው። ከእኔ በብዙ ትበልጣለችና «እርስዎ» እላት ነበር። ወንድሟን ሳመችው፤ እኔን ከመሳሟ በፊት በእጄ የያዝኩትን አየች።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ለቤቱ ነው። መጋረጃም ሰፍቼ አምጥቻለሁ።»

«መጋረጃ የላቸውም ብሎ ማን ነገረሽ?»

«እማማ ናቸው የጠሩኝ» አልኩ።

ዞራ እናቷን አየቻቸው። አማቴ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ተባብራችሁ ትሠራላችሁ ብዬ ነው» አሉ። ለእሷ ግን የነገሯት ሌላ ኖሯል። «የወንድምሽ ሚስት ቤታችሁ ጨለመብኝ ብላ ልታጸዳ ትመጣለች» ብለዋታል። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ቅዳሜን ስንታገል ዋልን። መጋረጃዬን ሰቅዬ ውኃ ልቀዳ ወጣሁና ስመለስ በአንደኛው መስኮት ላይ አሮጌው መጋረጃ ተመልሷል። አወረድኩትና የእኔን መልሼ ሰቀልኩት። ጥዱን ጥግ አቁሜ ጥጥ ስበትንበት «ቅጠሉ ምንጣፍ ላይ ይረግፋል» ብላ በረንዳ ላይ አወጣችው። እኔ መልሼ አስገባሁት። ለበሩ የሠራኋቸውን የወረቀት አበቦች በእጇ ገለባብጣ አየቻቸውና «ለልጆች ልደት ያምር ነበር» አለች። ባለቤቴ ነገሩ ሲከር ጓደኞቼን ልይ ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ማድ ቤት ገባሁ። እሷ ለበዓሉ ቅቤ እያነጠረች፣ የገብስ መጠጥ የሆነውን ቀሪቦም እየጠመቀች ነበር። ኬክ ልጋግር እንደሆነ ስነግራት ማማሰያዋን አስቀመጠች።

«ስኳር ባለባት ሴት ቤት ኬክ?»

«ለእንግዳ ነው። ለእማማ ስኳር የሌለው ዳቦ ለብቻ...»

«የእናቴን እኔ አውቃለሁ።»

ከሰል ስጠይቃት ሊከስም የደረሰውን ፍም ወደ እኔ ገፋችልኝ። በአፌ እፍ እያልኩ አያያዝኩት። እንቁላሉን መታሁ፣ የብርቱካን ልጣጭ ፈቀፈቅሁበት፣ ከድስቱ ሥር አሸዋ፣ ከክዳኑ ላይ ፍም አድርጌ ጋገርኩት። ጾም ስለሆነ መቅመስ አልቻልኩም፤ በመዓዛው ብቻ ነው መብሰሉን ያወቅሁት። ቆንጆ ሆኖ ወጣ። በጨርቅ ሸፍኜ ሳሎን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። እሷም እያለፈች አየችው።

እሑድ ጠዋት ሦስታችን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አማቴ እግራቸውን ስላመማቸው ቀሩ። ስንመለስ አንዲት ጎረቤት በዓሉ እንዴት እንደተሰናዳ ልታይ አብራን ገባች። የባለቤቴ እህት ኬኩን ልታሳያት ጨርቁን ገለጠች። ከዳሩ በቢላ ተቆርሷል፤ እፍኝ የሚያህለው የለም።

«ጠዋት ከቤት መጨረሻ የወጣሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«እኔ አልነካሁትም። እንደ እርስዎ ጾመኛ ነኝ።»

«ታዲያ አይጥ ነው በቢላ የሚቆርጠው? ጾምሽን በአማትሽ ቤት ሰርቀሽ ከምትፈቺ እዚያው በቤትሽ አትፈቺም ነበር?»

ባለቤቴን አየሁት። ጫማውን እየፈታ «በቃ ተዉት፣ ኬክ ነው» አለ። ከስድቡ ይልቅ እሱ ነው ያቃጠለኝ። ከዚያ ወደ አማቴ ዞርኩ። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። የኬክ ፍርፋሪ ነጠላቸው ላይ፣ ጉልበታቸው አጠገብ ይታያል። እሳቸው ግን መጋረጃዬን ነበር የሚያዩት።

«እማማ፣ እርስዎ ይንገሯት እንጂ» አልኩ።

«ደግሞ እናቴን!» አለች።

«አንቺ ራስሽ እጃቸውን አሽትቺው» አልኳት። «እርስዎ» ማለቱ ያኔ ከአፌ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ጎረቤቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የባለቤቴ እህት እናቷ ፊት በርከክ ብላ ፍርፋሪውን በእጇ ጠረገች፤ መዳፏ ላይ ይዛው ቆየች።

«ምነው እማዬ?» አለች።

«ትንሽ ነው የበላሁት። ሲሸተኝ አላስቻለኝም።»

«እሷን ስናገራት እየሰማሽ?»

«እንዳትቆጪኝ ብዬ ነው» አሉ አማቴ፣ እንደ ቀላል ነገር።

አሁን ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ቆምኩ። ተነሥታ ግን የመጣችብኝ በሌላ ነበር።

«ደስ አለሽ? ባለፈው ዓመት ሐኪም ቤት ያስተኛት እንዲህ ያለው ነው። እኔ ስኳር ቆልፌ ነው የማስቀምጠው። አንቺ አፍንጫዋ ሥር አምጥተሽ አኖርሽላት።»

«ስኳር እንደምትቆልፊ ማን ነገረኝ?»

«መቼ ጠየቅሽ?»

«ሰርቀሽ በላሽ ብለሽኛል። ይቅርታ አትዪም?»

«አልልም።»

ወንበር ስቤ ወጣሁና መጋረጃዬን ማውረድ ጀመርኩ። አማቴ «እሱን እንኳ ተዪልኝ፣ ቤቱን አድምቆልኝ ነበር» አሉ። አልተውኩላቸውም። ልጃቸው ከጓዳ አሮጌውን መጋረጃ አምጥታ፣ እኔ ከወንበሩ እስክወርድ ታቅፋው ቆማ ጠበቀች። ወረድኩ፣ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ ሰቀለችው። ኬኩን አልወሰድኩም። እሷም ውሰጂው አላለችኝም።

ከባለቤቴ ጋር ወደ መናኸሪያ ወረድን። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር «ምን እንድል ነበር የፈለግሽው?» አለኝ።

«ሚስቴ አታደርገውም እንድትል።»

«እኔ እኮ አላየሁም» አለ።

ኮምቦልቻ ደረስን። ሙቀቱ ሲቀበለን ሹራቤን እንኳ አላወለቅሁም።

የገና ዕለት እሱ ብቻውን ወደ ደሴ ሄደ። እኔ ራስ ምታት ይዞኛል አልኩ፤ እሱም እንዳልያዘኝ እያወቀ «እሺ» አለኝ። ሙስሊም የሆኑት አከራያችን በሬን አንኳኩተው «ኧረ በአላህ፣ በበዓል ቀን ቤት ዘግቶ መቀመጥ ምንድን ነው?» ብለው ሻይና ዳቦ ይዘው ገቡ። ባልሽ የት ሄደ አላሉኝም። ስለ ልጆቻቸው እያወሩኝ እስከ ከሰዓት ድረስ አብረውኝ ቆዩ። እሳቸው ሲወጡ የሠራሁትን ወጥ አቅርቤ ለብቻዬ በላሁ።

ከእሷ ጋር እስከ ዛሬ በሠርግና በለቅሶ እንገናኛለን። እንሳሳማለን፤ ከዚያ እሷ ከሴቶቹ በአንዱ ዳር፣ እኔ በሌላው ዳር እንቀመጣለን። አማቴን ስኳሩ ከዚያም በኋላ ሁለቴ አስተኝቷቸዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። እሱን አልክድባትም።

ባለቤቴ የዚያን የገና ዕለት አመሻሽ ላይ ከደሴ ተመለሰ። «እማዬ ሰላም ብላሻለች» አለ። እህቱ ምን እንዳለች አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ከወጡ የእሱን ድርሻ ከድኜ ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ነበር። ብቻውን ተቀምጦ በላ፤ እኔ ስፌት መኪናዬን ማሽከርከር ጀመርኩ።