ሸኚዎቹን ይዞ የሄደው ባቡር

ስለ እንግሊዝ ባቡር ባለኝ አስተያየት የሚስማማ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ አሥር ዓመት ያህል በባቡር ወደ ሥራ ተመላልሻለሁ፤ ስለዚህ የመሳሳት መብቴን በላቤ ነው ያገኘሁት።

ለምሳሌ በከሰል የሚሄደው የድሮ ባቡር ሲነሳ እንባ የሚያቀርሩ ሰዎችን አላምናቸውም። በጥላሸት የጠቆረ ሸሚዛቸውን ሌላ ሰው ያጥብላቸው የነበሩ ናቸው። የተዘጉት የገጠር መስመሮችም አያሳዝኑኝም፤ በመጨረሻው ቀን ሊያለቅስ የወጣው ሕዝብ በየሳምንቱ ቢሳፈርባቸው ኖሮ ባልተዘጉ ነበር። ባቡሩ የመንግሥት በነበረ ጊዜ ወርቅ ነበር የሚሉ አሉ፤ ለግል ሲሰጥ ወርቅ ይሆናል ያሉም ነበሩ። በሁለቱም ዘመን ሻዩ ለብ ያለ ነው። እኔ የምወደው ሁሉም የሚሰድበውን ነው፦ ሐዲድ ላይ የወጣ አውቶቡስ የሚመስለውን፣ ሲታጠፍ ዘይት እንዳልተቀባ የበር ማጠፊያ የሚያቃስተውን ባለሁለት ፉርጎ ባቡር።

ከሁሉም በላይ ግን መዘግየታቸውን እወዳለሁ። የሚዘገይ ባቡር ሰው ያከብራል። በሰዓቱ የሚነሳ ባቡር እየሮጠ የሚመጣውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ በር የሚዘጋ ነው።

ይህን ሁሉ አሁን የምለፈልፈው ከእንግሊዝ ውቅያኖስ ማዶ፣ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ጣቢያ አጠገብ ባለች የቅመም ሱቅ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳን ሆዜ በባቡር እመጣለሁ። ባለሱቆቹ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ ሐጂና ባለቤታቸው። እሳቸው ያዳምጡኛል፤ ባለቤታቸው ደግሞ ቅመም እየመዘኑ ይታገሱኛል።

አምና ልጃቸው እንግሊዝ፣ ዘመድ በሌለበት አንድ የሰሜን ከተማ ወለደች። የእናትየው ፓስፖርት ለእድሳት ገብቶ ስለቀረ የሚሄዱት ሐጂ ብቻ ሆኑ። ለንደን የአገር ልጆች ቤት አድረው በማግሥቱ ከሰዓት በባቡር ይቀጥላሉ፤ የዚያኑ ቀን ማታ የሕፃኗ አቂቃ፣ የስም ማውጫው ድግስ፣ ነው፤ ስም የሚያወጡት አያትየው ናቸው።

«ቲኬቱ ቼንጅ አይደረግም ይላል፤ ለዚያ ባቡር ብቻ ነው» አሉኝ በጭንቀት።

«ሐጂ፣ አይጣደፉ! የእንግሊዝ ባቡር በሰዓቱ ተነስቶ አያውቅም። ምሳዎን በደንብ ይብሉ።»

የጉዞው ዕለት ቅዳሜ ነበር፤ ጠዋት፣ ለንደን ከሰዓት ሲሆን፣ ሱቁ ስገባ ባለቤታቸው ስልክ ጨብጠው ቆመዋል።

«መጣህ? ና፣ ሥራህን እይ!»

«ምን አደረግሁ?»

«ባቡሩ ሊነሳ ነው፣ እሱ ገና ምሳ ላይ ነው! ውጣ ስለው ‹ያ ምሁር አይጣደፉ ብሎኛል› ይለኛል። አንተ ልጅ፣ ምን በላህ?»

የጣቢያውን ሰሌዳ በስልኬ ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች የዘገየ ባቡር ነው፤ የሳቸው ብቻ «በሰዓቱ» ይላል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐዲድ ሲግናል ብልሽት ተመኘሁ።

«ልጄ ምን አለችኝ መሰለህ?» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «‹እማ፣ እዚህ አሚን የሚል ሰው እንኳ የለንም። አባ ብቻ ይድረስልን› ነው ያለችኝ።»

ሐጂ ስልካቸውን ማንሳት አቆሙ። የመነሻው ሰዓት አለፈ። እኔ የበርበሬ ከረጢቶች ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ ጨረስኩ። በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ። የሐጂ ፊት መስኮት አጠገብ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላቸው አምስት ሽማግሌዎች ተደርድረዋል።

«ደረስኩ! ተሳፍሬያለሁ!»

«አልሐምዱሊላህ! እነዚያስ ሰዎች?»

«ያሳደሩኝ የአገር ልጆች፣ ሸኚዎቼ ናቸው።»

እኛ ሰው ስንሸኝ በር ላይ አናቆምም። ሻንጣው እላይ ይወጣል፣ ወንበሩ ይፈተሻል፣ ከዚያ ዱአ ይደረጋል። አምስቱም ፉርጎው ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» ሲሉ በሩ ተቆልፎ ባቡሩ ተነሳ፤ ከሰዓቱ አንዲት ደቂቃ ሳያሳልፍ። የሚቀጥለው ማቆሚያ ደግሞ የሐጂ መውረጃ ነው፣ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።

«ቶሎ ውረዱ አትላቸውም ነበር?» አሉ ሚስት።

«ዱአ አቋርጬ?»

ወዲያው ቲኬት ተቆጣጣሪው መጣ። ሐጂ ስልኩን ሳይዘጉት ስለቀሩ ሁሉንም ሰማን።

«ወላሂ ማንም አይከፍልም፣ የሁሉም በእኔ ነው!»

«ኧረ በአላህ! ካርድህን መልስ!»

«እኔ ታላቃችሁ ቁጭ ብዬ?»

ተቆጣጣሪው ያለ ቲኬት የሚደበቅ ተሳፋሪ ብዙ አይቷል፤ ለመክፈል የሚታገል ግን አይቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም። ማሽኑን ከራሱ በላይ አንጠልጥሎ፣ ተራቸውን እንዲጠብቁ ሲለምናቸው ነበር።

ያን ቀን ወደ ሳን ሆዜ ለመመለስ አልቸኮልኩም። በእኛ ረፋድ፣ በእነሱ ምሽት ላይ ልጅቷ ከቤቷ በቪዲዮ ደወለች። በሩ ጋ የወንድ ጫማ ተደርድሯል። ሐጂ ሕፃኗን አቅፈው ስሟን ሲያሰሟት አምስቱ ሸኚዎች በአንድ ድምፅ አሚን አሉ፤ ሱቁ ውስጥ ኮረሪማ ሊገዛ የገባ ሰውዬም አብሮ አሚን አለ። ልጅቷ እያለቀሰች ትስቃለች።

እናትየው ግን ስክሪኑ ላይ በጣታቸው ሰው ይቆጥራሉ። «ምግቡ ይበቃቸዋል? ጠይቂያቸው እስቲ!»

ሐጂ ወደ ስልኩ ተጠጉ። «አንተ! ይዘገያል አላልክም?»

«ብያለሁ፣ ሐጂ።»

ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ አምስቱም ወርደው፣ እጃቸውን እያውለበለቡ ለንደን ይቀሩ ነበር። ስለዚህ አስተያየቴን አሻሽያለሁ፦ ባቡር በሰዓቱ መነሳት አለበት፣ ሸኚዎቹ ሳይወርዱ። ስለ ሻዩ ግን ቃሌን አላጥፍም።